ክብደቱ የት ነው? በቤት የሚሠሩ የማስቲካ ማሽን እግሮች ዳሰሳ

አሜሪካ ውስጥ ፀጉር ቤት፣ ፒዛ ቤት ወይም ሰው በሳንቲም ልብሱን አጥቦ የሚሄድበት ማጠቢያ ቤት የገባ ሰው፣ በሩ አጠገብ ብርጭቆ ራስ ያለው ማሽን ቆሞ ያገኛል። ልጁ 25 ሳንቲም ይከታል፣ እጀታውን ይጠመዝዛል፣ አንዲት ክብ ማስቲካ ወይም ትንሽ መጫወቻ የያዘች የፕላስቲክ እንክብል ተንከባልላ ትወርዳለች። ማሽኑ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የልጁ እጅ ነው። ዓይን የሚያርፈው በቀለማቱ ላይ ስለሆነ ራሱን የተሸከመውን እግር ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከዋና ሥራቸው ጎን ለጎን እነዚህን ማሽኖች በየሱቁ የሚያስቀምጡ ሰዎች ግን ስለ እግሩ ብዙ ያስባሉ። ያገለገለ ማሽን ያለ እግሩ የሚሸጥበት ጊዜ አለ፤ አዲስ እግር መግዛት ደግሞ ከዕለት ገቢው ጋር ሲተያይ ይከብዳል። ስለዚህ ቁራጭ የውኃ ቧንቧ፣ ሁለት ፍላንጅ (በቧንቧ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ፣ የብሎን ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) እና ጥቂት ብሎን ገዝቶ እግሩን በቤት መሥራት የተለመደ ነው። በቤት የተሠራ እግር ከተገዛው ይሻላል ወይ? የሚሻለውስ በምን መለኪያ ነው?

ስለዚህ ጉዳይ የሚነሳው ክርክር በአብዛኛው በዋጋ ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ማስቲካው 1 ኢንች ውፍረት ያለው ሲሆን፣ 850 ፍሬ የያዘ ካርቶን እያንዳንዱ ፍሬ በ25 ሳንቲም ተሽጦ ሲያልቅ የሚገኘው 212 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ከዚህ ላይ የማስቲካው ዋጋ፣ ለሱቁ ባለቤት የሚሰጠው ድርሻና የመኪናው ነዳጅ ይቀነሳል። እግሩ 50 ዶላር ቢያወጣ 200 ልጆች እጀታውን እስኪያዞሩ ድረስ ሽያጩ ሁሉ ለእግሩ ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ቁጠባው እንግዲህ የሚያሳፍር አይደለም። ሆኖም ዋጋ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ። በቤት የሚሠራ እግር እውነተኛ ብልጫው፣ ሠሪው ክብደቱን በፈለገበት ቦታ፣ በፈለገው መጠን ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ከሩቅ የሚላክ ዕቃ በክብደቱ ልክ የመላኪያ ዋጋ ስለሚጠየቅበት፣ ሻጩ እግሩን ለማቅለል ሁልጊዜ ምክንያት አለው። በቤት የሚሠራው እግር ግን ከጓሮ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሱቅ ብቻ ይሄዳል። ይህን ነፃነቱን ያልተጠቀመበት ሠሪ ትንሽ ገንዘብ ቢያተርፍም ዋናውን ነገር አጥቷል።

በሳንቲም የሚሠራ ማሽን ረጅም ታሪክ አለው፤ የእግሩ ጥያቄ ግን ከማሽኑ አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ሄሮን ሳንቲም ሲጣልበት ለመቅደስ የሚሆን ውኃ የሚቀዳ መሣሪያ በጽሑፍ ትቶልናል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 የቶማስ አዳምስ ኩባንያ በኒው ዮርክ ከፍ ብሎ በተሠራው የባቡር መስመር ጣቢያዎች ላይ የማስቲካ መሸጫ ማሽን ተከለ። ራሱን ችሎ በእግሩ ቆሞ በሰው መተላለፊያ ላይ የሚቀመጥ ማሽን የሚያስከትለው ጥያቄ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ወይም ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው ይለያል። የግድግዳው ማሽን ግድግዳውን ይደገፋል፤ በእግሩ የቆመው ግን ከራሱ ክብደት በቀር የሚደገፈው የለም።

በቤት የሚሠሩትን እግሮች ስንቃኝ ምሰሶው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ አለዚያም 1 ኢንች የብረት ቧንቧ፣ ከላይና ከታች ፍላንጅ የተጠመዘዘበት። ልዩነቱ የሚመጣው መሠረቱ ላይ ነው። አንዱ ወፍራም ጣውላ ያደርጋል፣ ሌላው ያረጀ የመኪና ፍሬን ዲስክ፣ ሌላው የስፖርት ክብደት ማንሻ ዲስክ፣ ሌላው በባልዲ የተሞላ ኮንክሪት፣ መበየድ የሚችለው ደግሞ ወፍራም ላሜራ። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አስተሳሰብ ለመረዳት አይቸገርም። እዚያ አንድ ዕቃ ከጥቅም ውጭ ሆነ የሚባለው የመጨረሻ ብረቱ ሌላ ነገር ከሆነ በኋላ ነው። የፕላስቲክ ቧንቧም የሚሞክሩ አሉ፤ ይህኛው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ፕላስቲኩ ከብረት ስልሳና ሰባ እጥፍ ያህል የሚለመጥ በመሆኑ ማስቲካ የሞላ ራስ ተሸክሞ ይወዛወዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ እግር ጽኑ ነው ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያደባለቅን ነው። የመጀመሪያው፣ ማሽኑን ለማንገዳገድ ምን ያህል ግፊት ያስፈልጋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከተንገዳገደ በኋላ ምን ያህል ቢያዘነብል ነው ወደ ቦታው የሚመለሰው የሚለው ነው። በስሌት እንየው። ማስቲካ የሞላ ራስ 6 ኪሎ ይመዝን፣ ክብደቱም ከወለሉ 105 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፍ። ምሰሶው 75 ሴንቲ ሜትር የ1 ኢንች ቧንቧ ነው፤ ይህ 1.9 ኪሎ ያህል ይሆናል። መሠረቱ ክብ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና 10 ኪሎ የሚመዝን ይሁን። ጠቅላላው 17.9 ኪሎ ነው። በ1 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ጎን ገፍቶ ጫፉን ከወለል ለማንሳት 3.6 ኪሎ የሚያህል ግፊት ይበቃል፤ ማሽኑ እስከ 26 ዲግሪ ቢያዘነብልም ተመልሶ ይቆማል። አሁን ጠቅላላ ክብደቱን ሳንነካ ቦታውን እንቀይር፤ 2 ኪሎ ብቻ የሚመዝን የጣውላ መሠረት ላይ 14 ኪሎ የሚመዝን ራስ እንስቀል። ጫፉን ለማንሳት የሚያስፈልገው ግፊት ያው 3.6 ኪሎ ነው፤ አልተለወጠም። የመመለሻው ልክ ግን ወደ 13 ዲግሪ ወርዷል፣ ማለትም በግማሽ። ሰዎች እግራቸውን የሚፈትኑት በእጅ ገፋ አድርገው በመሆኑ ሁለቱም ማሽኖች ፈተናውን እኩል ያልፋሉ። የላይ ክብደት ለእጅ የጽናት ስሜት ይሰጣል፤ ማዘንበል የጀመረ ዕለት ግን ያው ክብደት ማሽኑን ወደ ታች የሚጎትተው ይሆናል። «ማሽኔ ከባድ ነው፣ አይወድቅም» የሚለው አባባል ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስባል? ማሽኑ የተሠራው ለልጆች ስለሆነ ነው። ልጅ ደግሞ ማሽኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ አይተወውም። መሠረቱ ላይ ይወጣል፣ ራሱን በሁለት እጁ ያቅፋል፣ ወደ ኋላም ይለጠጣል። 18 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ማሽኑን ይዞ ወደ ኋላ 20 ዲግሪ ያህል ቢለጠጥ የሚያሳርፈው ጉተታ 4 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ከላይ ያየነው፣ 10 ኪሎ መሠረት ያለው እግር እንኳ ይህን አይችልም። ትላልቆቹ የለስላሳ መሸጫ ማሽኖች ምን እንዳደረሱ የሕክምና ጽሑፎች መዝግበውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ማሽን ሲነቀንቁ ወድቆባቸው ስለተጎዱ 15 ሰዎች ይዘረዝራል፤ ሦስቱ ሞተዋል። የማስቲካ ማሽን የዚያን ያህል ክብደት የለውም፤ ነገር ግን ከፊቱ የሚቆመውም ጎልማሳ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የልብስ መሳቢያ ቁም ሣጥኖች ልጆች ላይ እንዳይወድቁ ሕግ ስታወጣ፣ ፈተናው እስከ 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ልጆችን እንዲያስብ አድርጋለች። ሕጉ የማስቲካ ማሽንን አይመለከትም። ሆኖም ልጅ በሚነካው ዕቃ ላይ ምን ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት ለሠሪው ያሳየዋል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በቧንቧው ውፍረት ላይ የሚደረገው ረጅም ክርክር ቦታውን የሳተ ነው። 1 ኢንች የሚባለው ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 33.4 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3.38 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርስ ሲወጣለት መቁረጫው ወደ 1.77 ሚሊ ሜትር ይገባል። በጥርሱ ሥር የሚቀረው ብረት እንግዲህ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ያውም ጭነቱ በሚበረታበት በታችኛው ፍላንጅ አጠገብ። ይህን የሚያነሱ ሰዎች የሚናገሩት ሐቅ ነው። ነገር ግን ወለል ላይ ያልታሰረ ማሽን 4 ኪሎ በማይሞላ ጉተታ የሚወድቅ ከሆነ፣ ያ ጉተታ በቧንቧው ላይ የሚያሳርፈው ጫና ብረቱ ሊሸከም ከሚችለው ብዙ ያነሰ ነው። ሦስት አራተኛ ኢንቹም ቢሆን አይሰበርም፤ ሳይሰበር ይወድቃል። ወፍራም ቧንቧ የሚመረጠው መወዛወዙን ስለሚቀንስና በውስጡ ዘንግ ለማሳለፍ ስለሚያመች እንጂ ከመሰበር ስለሚያድን አይደለም። ማሽኑ ወለሉ ላይ በብሎን ከታሰረ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ መውደቅ ስለማይችል ጭነቱን ሁሉ የሚቀበለው የታችኛው ጥርስ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ከ1 ኢንች ማነስ የለበትም።

የሚሰበረው ሌላ ቦታ ነው፤ ፍላንጁ ከመሠረቱ ጋር የሚገናኝበት። 4 ኪሎ የማይሞላው ያ ጉተታ 1 ሜትር በሚያህል ምሰሶ ተባዝቶ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ባለው ፍላንጅ ላይ ሲደርስ ብሎኖቹን ከ60 እስከ 70 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይነቅላቸዋል። ጣውላን የሚነክስ ብሎን ይህን አንድ ጊዜ ይችል ይሆናል፤ እጀታው በየቀኑ ደጋግሞ ሲጠመዘዝ ግን ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ከእንጨት ፍርፋሪ የተጫነ ሰሌዳ ከሆነ ፈጥኖ ይፈረፈራል። ስለዚህ ብሎኑ ከሥር እስከ ላይ ማለፍ፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ መታሰር አለበት። ሁለተኛው ድካም የቧንቧው ጥርስ ራሱ ነው። የቧንቧ ጥርስ በየ16 ኢንቹ 1 ኢንች እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። የተፈለሰፈውም ውኃና እንፋሎት እንዳያፈስ እንጂ ራስን በትክክለኛ አቅጣጫ እንዲያቆም አይደለም። ሲጠብቅ የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ አይታወቅም፤ ሁለት ራስ የሚሸከም እግር ላይ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆች ራሱን ሲያዞሩትም ይላላል።

ለሁለቱም ድካሞች አንድ መፍትሔ አለ፤ በእኔ ግምት በዚህ መስክ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ የላቀው እሱ ነው። እስከ ጫፉ ጥርስ ያለው ዘንግ ከመሠረቱ ሥር ተነስቶ በቧንቧው ውስጥ አልፎ በማሽኑ ወለል ይወጣል፤ ከታችም ከላይም በዳዶ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ቧንቧው ተጨምቆ የተያዘ ምሰሶ ይሆናል፤ ጥርሱና ፍላንጁ ብቻቸውን አይሸከሙም። የላይኛው ዳዶ የሚገኘው በተቆለፈው ማሽን ውስጥ ስለሆነ ቁልፍ የሌለው ሰው ራሱን ፈትቶ ይዞት አይሄድም። የታችኛው ዳዶ ወለሉን እንዳይነካ ብቻ መሠረቱ ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ጫፉን ለማንሳት የሚያስፈልገውን ግፊት በተመለከተ የመሠረቱ ስፋትና የማሽኑ ጠቅላላ ክብደት እኩል ዋጋ አላቸው፤ አንዱን በእጥፍ ማሳደግ ሌላውን በእጥፍ ከማሳደግ ጋር ይተካከላል። ለዚህ ነው በብዙዎች የሚወደደው የፍሬን ዲስክ ብቻውን የማይበቃው። 28 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 7 ኪሎ ክብደት ያለው ዲስክ ጫፉ የሚነሳው በ2.1 ኪሎ ግፊት ነው። ሰፋ ባለ ጣውላ ላይ በብሎን ሲታሰር ግን ግሩም ክብደት ይሆናል። የባልዲውም ኮንክሪት እንዲሁ ነው፤ የባልዲው ሥር ጠባብ ስለሆነ 22 ኪሎ ኮንክሪት ፈስሶበት የሚሰጠው ጽናት ከ4.2 ኪሎ አይበልጥም። ያው ኮንክሪት 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ቅርጽ ቢፈስ በ12 ኪሎ ብቻ 4 ኪሎ ያህል ይገኝበታል። ጉዳዩ ባልዲውን በትሪ መተካት ነው። መሠረቱን በቅርንጫፍ እግሮች የሚሠሩም አሉ፤ ሦስት እግር በጎረበጠ ወለል ላይ አይነቃነቅም፣ ነገር ግን በሁለቱ እግሮች መካከል በኩል ሲገፋ የሚቋቋመው ከእግሩ ርዝመት ግማሹን ያህል ብቻ ነው። አምስት እግር ከሆነ 81 በመቶውን ይይዛል፤ የቢሮ ወንበር አምስት እግር ያለው በከንቱ አይደለም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ «ጊዜህን ብትቆጥረው የተገዛው ይረክሳል» የሚል ነው። ለአንድ ማሽን ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የምከራከረው ግን በርካሽነት አይደለምና አይነካኝም። የተገዛው እግር መሠረቱ ሰፊና ከባድ ከሆነ ይገዛ። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ ማሽኑ ወድቆ ልጅ ቢጎዳ ፋብሪካ የሠራው እግር ኃላፊነቱን የሚጋራ ሌላ አካል አለው፣ በቤት የተሠራው ግን ጣቱን ወደ ሠሪው ብቻ ይቀስራል ይላል። ትክክል ነው፣ የመድን ውል ሲፈረምም መነገር ያለበት ነገር ነው። ሆኖም ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ አትሥራ የሚል ሊሆን አይገባም። ፋብሪካ የሠራውን ቀላል እግር በጠባብ መተላለፊያ ላይ ያቆመ ሰውም ከጥያቄ አያመልጥም፤ ሠሪው ግን ቢያንስ እግሩን ማክበድ ይችላል። ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ከባድ እግር ለማጓጓዝ ያስቸግራል የሚለው ነው። መልሱ ክብደቱን መነጣጠል ነው። የስፖርት ዲስክ ወይም ላሜራ ተለይቶ ይጓዛል፣ ሱቁ ውስጥ በዘንጉ ይታሰራል። አራተኛው ደግሞ የተለጠጠ ልጅ ጉተታ ከ10 ኪሎ መሠረት በላይ ነው ብለህ ስታበቃ ሥራው ሁሉ ምን ፋይዳ አለው ይላል። ይህን ተቃውሞ እቀበለዋለሁ። 27 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያው ልክ ሲለጠጥ የሚያሳርፈውን 6 ኪሎ የሚያህል ጉተታ ለመቋቋም 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሠረት ላይ ጠቅላላው 24 ኪሎ መሆን አለበት። ይህ በቤት ሊሠራ ይችላል፤ ካልተቻለ ማሽኑ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሱቁ ባለቤት ፈቃድ፣ ከራሱ በታች በጠፍር ወይም በሰንሰለት ከግድግዳው ጋር ይያዝ። አንዲት ብሎን ግድግዳ ላይ 10 ኪሎ ኮንክሪት ትተካለች።

ስለ ማጠናቀቂያው ሥራ አጠር ላድርግ። ጥቁር ቧንቧ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቀባው ዘይት መሰል ሽፋን ስላለው ካልታጠበ ቀለም አይዝም፣ የልጅ እጅም ያቆሽሻል። ዚንክ የተለበጠው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ዝገትን ይከላከላል፤ ወለሉ በየቀኑ በውኃ በሚወለወልበት ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ የብየዳ እሳት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሽፋኑ ሳይፋቅ የሚበየድ ቧንቧ የሚያወጣው ጭስ ለበያጁ ብርድ ብርድ የሚልና የሚያተኩስ ሕመም ያስከትላል። ቀለሙ ደግሞ ከየትም የተረፈ ጣሳ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በሳንቲም ማሽኖች የተሸጡ 150 ሚሊዮን ያህል የልጆች መጫወቻ ጌጦች እርሳስ ስለተገኘባቸው ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ ለቤት ቀለም የተፈቀደው የእርሳስ መጠን 0.009 በመቶ ብቻ ነው። ልጅ አፉን የሚያስጠጋበት ዕቃ ላይ የኢንዱስትሪ ትርፍራፊ ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ቁመቱንም በሚመለከት የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መመዘኛ እጅ የሚነካው ነገር ከወለሉ ከ38 እስከ 122 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል እንዲሆን ይጠይቃል። በምሰሶ ላይ የቆመ ነገርም ከምሰሶው ወጥቶ በመተላለፊያ ላይ ከ30.5 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይዘረጋ ይከለክላል፤ ዓይነ ስውር በበትሩ ምሰሶውን ቢያገኝም ከላይ የተዘረጋውን አያገኘውምና። 75 ሴንቲ ሜትር ምሰሶ ላይ የተቀመጠ አንድ ራስ በሁለቱም ልክ ውስጥ ያርፋል፤ በቧንቧ ክርን ወደ ጎን የሚዘረጉ ባለ ሦስት ራስ እግሮች ግን በሜትር መለካት አለባቸው።

ሠሪው ይህን ሁሉ ስሌት በወረቀት ላይ መሥራት አይጠበቅበትም። የመንጠቆ ሚዛን በ1 ሜትር ከፍታ ላይ አስሮ በቀስታ ይጎትት፣ የወዲያኛው ጫፍ ከወለል ሲነሳ ቁጥሩን ያንብብ። ቀጥሎ ማሽኑን በእጁ እየያዘ ያዘንብለው፣ የመመለስ ፍላጎቱ የት ላይ እንደሚጠፋ ይመልከት። መሠረቱ አራት ማዕዘን ከሆነ በጎኑ በኩል ይሞክር፤ በማዕዘኑ በኩል ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ራሱ ማስቲካ ሞልቶም ባዶ ሆኖም ይሞክረው። 10 ኪሎ መሠረት ባለው ምሳሌ ራሱ ባዶ ሲሆን 4 ኪሎ ቢመዝን ጫፉ የሚነሳው በ3.2 ኪሎ ነው፣ የመመለሻው ልክ ግን ወደ 31 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ማለትም ሙሉው ማሽን ለመንቀሳቀስ ይዘገያል፣ ለመውደቅ ግን ይቀድማል። ፈተናው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃም አይደለም። በየወሩ ሳንቲም ለመሰብሰብ ክዳኑ ሲከፈት የዘንጉ ዳዶ እዚያው ፊት ለፊት ይታያል፤ አዲሱ ማስቲካ ከመፍሰሱ በፊት ቁልፍ አግብቶ ሩብ ዙር መሞከር ደቂቃ አይፈጅም።